ፖስተኛዋ ሲግብሪት ለአልጎት የገባችው ቃል

ሲግብሪት ሆልምሉንድ ሞርክሾ መንደር ውስጥ ሰላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ አድላለች። መሪዋ በቀኝ በኩል የሆነ ቢጫ መኪና አላት፤ ሳትወርድ እጇን በመስኮት አውጥታ ደብዳቤውን በየሳጥኑ ትከትና ትሄዳለች። ቁመቷ አጭር ነው፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጸጉሯን ራሷ በመቀስ ነው የምትቆርጠው። ስትስቅ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ባሏ በርቲል እንጨት የሚያመላልስ የጭነት መኪና ይነዳል። በሳምንት ሁለት ቃል ከተናገረ ብዙ ነው፤ የሱን ድርሻም እሷ ትናገርለታለች።

ስለ እሷ ሰው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ "ሲግብሪት አታመነታም።" እውነት ነው። አንድ ቀን ቄሱ ጠጥቶ ሲነዳ መንገድ ላይ አገኘችው። መኪናዋን ፊት ለፊቱ አቆመችና ወርዳ ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተች። "እሁድ ከጸሎት በኋላ መጥተህ ውሰድ" አለችው። እሁድ ዕለት ሰው ሁሉ እያየ ቄሱ እጁን ዘረጋ፣ እሷም ሰጠችው። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አላነሳችበትም።

በዚህ ጸባይዋ ነው የአደን ቡድናችን አለቃ ያደረግናት። አስራ አራት ነን፣ እኔም አንዱ ነኝ። ሞርክሾ ውስጥ አደን ጨዋታ አይደለም። የአደኑ መክፈቻ ሳምንት የእንጨት ፋብሪካው እንኳን ይዘጋል። የኛ አጋዘን ከፈረስ ይበልጣል፣ ስጋውን ቤተሰብ ክረምቱን ሙሉ ይበላዋል። እያንዳንዱ አዳኝ የራሱ ማማ አለው። ማማው ላይ ጠመንጃውን ይዞ ይቀመጣል፣ ውሻ ያለው ሰው አጋዘኑን ከጫካው ወደሱ ያባርርለታል።

ሕጋችን ብዙ ነው። ከሁሉም ግን አንዱ ይበልጣል፤ ጥጃ ትቀድማለች፣ እናት ትከተላለች። ጥጃ ያላትን እናት መጀመሪያ የገደለ ሰው ጥጃዋን ለረሃብ ነው የተዋት፤ ብቻዋን ክረምቱን አታልፍም። እንደዚያ ያደረገ ሰው እሳት ዳር ቆሞ ለሁላችንም ይናገራል፣ ከዚያ አንድ ዓመት ማማ አይወጣም። የእንጨት ፋብሪካው ኤቫልድ ከሶስት ዓመት በፊት ደርሶበታል። "ጥጃዋን አላየኋትም" አለ። ሲግብሪት ዓይኗን እንኳን አላርገበገበችም። "አላየኋትም ማለት አልፈለግኳትም ማለት ነው። አንድ ዓመት!" ኤቫልድ ያን ዓመት ሙሉ ረግረጉን በእግሩ እያቋረጠ ለሌላው ሰው ሲያባርር ከረመ። አልረሳውም።

ክረምት ሲገባ አደን የለም፣ ስለዚህ መጽሐፍ እናነባለን። እዚህ ሰው ለብቻው ከሚያነብ ተሰብስቦ ማንበብ ይወዳል። አንዱን ዓመት ስለ ወፍ፣ ሌላውን ዓመት ስለ ንብ አነበብን። ያን ዓመት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን የምትጫወተው ዮርዲስ "ስለ ትክክልና ስለ ስህተት እናንብብ" አለች። ስምንት ሰው ማክሰኞ ማክሰኞ ከስራ በኋላ በመንደሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። አስተማሪ የለንም። ሄል የገባበት ዳቦ እየበላን በየተራ እናነባለን፣ ከዚያ እንጣላለን።

መጽሐፉ እንደሚለው ሰው ስለ ትክክል የሚያስብበት ሶስት መንገድ አለ። አንዱ ግዴታህ ምንድነው ብሎ ይጠይቃል፤ ሁሉም ሰው እንዳንተ ቢያደርግስ ይላል። አንዱ መጨረሻውን ያያል፤ ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ ብሎ ይመዝናል። አንዱ ደግሞ ሰውየውን ያያል፤ ይህን የሚያደርግ ምን አይነት ሰው ነው ይላል። ዮርዲስ የመጀመሪያውን ያዘች። ኤቫልድ ሁለተኛውን ያዘ። ሶስተኛውን የያዘ ሰው የለም፤ ስለ ጸባይ ሲነሳ ሁሉም ጎረቤቱን ማየት ስለጀመረ ቶሎ ገጹን ገለጥነው።

"እኔ እንደሚገባኝ" አለ ኤቫልድ አንድ ማክሰኞ፣ "ማንም ካልተጎዳ ስህተት የሚባል ነገር የለም። የሚስቴ እናት ልትሞት ስትል 'ቀብሬ ላይ አኮርዲዮን አስነፋልኝ' አለችኝ። እሺ አልኳት። ሞተች። አላስነፋሁም። ማን ተጎዳ? እሷ አልሰማችም፣ የኛም ጆሮ ተረፈ።"

"አንተ አረመኔ!" አለች ዮርዲስ። "ሁሉም እንዳንተ ቢያደርግ ከዚያ ወዲያ እሺ ሲባል ማን ያምናል?"

"ሁሉም ሰውማ አኮርዲዮን የምትወድ አማት የለችውም።"

ሳቅን። ሲግብሪት ግን ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። "ቃል ቃል ነው። ሲመችህ ብቻ የምትጠብቀው ከሆነ የአየር ጠባይ ነው እንጂ ቃል አይደለም።"

"ጻፉት፣ ጻፉት! አለቃችን ተናገረች!" አለ ኤቫልድ።

ዮርዲስ የምሯን ጻፈችው።

እንግዲህ አልጎት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አልጎት ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ቤቱ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ሚስቱ ኢንገርድ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ስልሳ ዓመት አድኗል። ማማዎቹን ከግማሽ በላይ የሰራው እሱ ነው፣ የቀረነውን ሁሉ መተኮስ ያስተማረን እሱ ነው፣ ሲግብሪትንም ጭምር። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ቀን ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። የያዘችለትን ደብዳቤ ተቀብሎ መልሶ ሰጣት።

"ሲግብሪት፣ መነጽሬ ጠፍቶብኛል። እስቲ ይቺን አንብቢልኝ።"

መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር።

ወርዳ ቤቱ ገባችና አነበበችለት። ከዓይን ሐኪም የመጣ ነው። የዓይኑ መሃል እየጠፋ ነው ይላል፤ ዳር ዳሩ ይቀራል፣ መሃሉ ግን አይመለስም።

"አውቄዋለሁ" አለ አልጎት። "አንቺን ሳይሽ ጆሮሽን አያለሁ፣ ፊትሽን አላየውም። ብዙም አልቀረብኝም።"

"ቀልዱን ተወው አንተ ሽማግሌ። አደኑስ?"

"አደኑን አትንኪብኝ።" ድምጹ ተቀየረ። "ኢንገርድ ከሞተች ወዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እሱን ከወሰዳችሁብኝ እኔንም እንደ አጋዘን ቀንድ ግድግዳ ላይ ስቀሉኝ። ለማንም እንዳትናገሪ።"

"ለማንም?"

"ለማንም። ቃል ግቢልኝ።"

ሲግብሪት ለመጀመሪያ ጊዜ ያመነታችው ያኔ ነው። በኋላ እንደነገረችን ምድጃውን ስታይ ቆየች። ምድጃው ላይ አንድ ድስት፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን፣ መስቀያው ላይ የአደን ኮቱ። አንጀቷን በላት። "ቃሌ ነው" አለችው።

ዝም ብላ ግን አልተቀመጠችም። ሰባተኛው ማማ መንገድ ዳር ነው፤ ለአልጎት እግር ቅርብ ነው፣ ደግሞም በአስራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተተኮሰበት። አጋዘን በዚያ በኩል አይመጣም። እዚያ አደርገዋለሁ ብላ አሰበች። ቃሏ ተጠበቀ፣ ሽማግሌው ደስ አለው፣ ማንም አልተጎዳ። "የዮርዲስንም የኤቫልድንም መንገድ አንድ ላይ የሄድኩ መስሎኝ ነበር" ነው ያለችን። ከአደኑ በፊት ሁላችንም አጋዘን የሚመስለውን ተንቀሳቃሽ የእንጨት ኢላማ ስንተኩስ ደግሞ አልጎት አራት ጥይት ተኩሶ አራቱንም ልቡ ላይ መታ። ልቧ ረጋ አለ። ያን ኢላማ ሀምሳ ዓመት እንደተኮሰው፣ ዓይኑን ጨፍኖም እንደሚመታው አላሰበችም።

የአደኑ መክፈቻ ሰኞ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሁላችንም ማማችን ላይ ነን። የውሻ ባለቤት የሆነው ሩነ ውሻውን ፒላን ይዞ አጋዘኖቹን ከረግረጉ ወደኛ መንዳት ጀመረ። ሰባተኛው ማማ ፊቱ ወደ ምስራቅ ነው፣ ጸሐይዋ ደግሞ ዝቅ ብላ ልክ ዓይን ውስጥ ትገባለች። ይህንንም ሲግብሪት አላሰበችበትም ነበር።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ጥይት ጮኸ። ከዚያ በሬዲዮ የአልጎት ድምጽ መጣ፤ "ሰባት። አንድ ተኩስ። ወድቃለች። ብቻዋን ነበረች።"

ሬዲዮው ደስታ በደስታ ሆነ። ኤቫልድ ሳይቀር "ሽማግሌው! እኛ ቴርሞሳችንን እንኳን ሳንከፍት?" አለ። አልጎት በሬዲዮ ሲስቅ ሰማነው። ሲግብሪት ከማማዋ ወርዳ ወደሱ ሄደች።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ከሁለቱም ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት፣ ሁለቱም አንድ አይነት ነው የነገሩን።

አልጎት ወርዶ ፒፓውን እያጨሰ ነበር፣ ፊቱ እንደ ልጅ በርቷል። ሲግብሪት እንኳን ደስ ያለህ ብላ አቀፈችውና የአጋዘኗን ሆድ ልትከፍት ተንበረከከች። ጡቷን ስትነካ ትኩስ ወተት እጇ ላይ ፈሰሰ። ቀና ብላ ጭቃውን አየች። ከእናቲቱ ኮቴ አጠገብ ትናንሽ ኮቴዎች አሉ፣ ወደ ጫካው የሮጡ።

"አልጎት። ጥጃ ነበራት።"

"አልነበራትም።"

"እጄን አሽትተው።"

አሸተተው። ፒፓውን ከአፉ አወጣ። ከዚያ ድንገት ራሱን ቀና አደረገ፤ ጆሮው ጥሩ ነው። ከተመነጠረው ጫካ ማዶ ቅርንጫፍ ተሰበረ።

"ተመለሰች" አለ በሹክሹክታ። "ጥጃዋ ናት። ዝም በይ።" ጠመንጃውን ወደ ትከሻው አነሳ።

ሲግብሪት አየች። ጫካው ጫፍ ላይ ብርቱካናማ ቆብ ያደረገ ሰው ጎንበስ ብሎ ውሻ እያሰረ ነበር። እጇን አፈሙዙ ላይ አድርጋ ወደ መሬት ተጫነችው።

"ሩነ ነው" አለችው።

"የት?"

"ያነጣጠርክበት።"

አልጎት ግንድ ላይ ተቀመጠ። ጠመንጃውን ወሰደችበት፣ ጥይቶቹን አወጣች፣ ኪሷ ከተተች። ሩነ ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ መምጣት ጀመረ። ሳር ውስጥ እየተደናቀፈ ነው የሚመጣው፣ ደርሶ እስኪያናግራቸው ትንሽ ጊዜ አለ።

"ስሚኝ" አለ አልጎት። "ጠመንጃዬን ዛሬውኑ እሰቅላለሁ። ከእንግዲህ አልነካውም። ወገቤን አመመኝ እላለሁ። ጥጃዋን አንቺና ሩነ ፈልጓት፤ ሌላ እናት የሞተባት ናት በይ። ቃል ገብተሽልኛል። ማን ይጎዳል? እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ይጎዳል?"

ሲግብሪት በኋላ እንዲህ አለችን፤ "ማንም አይጎዳም ነበር። አንድም ቀዳዳ አላገኘሁበትም። እኔም ከአለቃነቴ አልወርድም፣ እሱም አይዋረድም፣ ቃሌም አይፈርስም። ግን ሩነ እየመጣ ነበር። እየሳቀ ነው የሚመጣው። ጀርባው ላይ መነጣጠሩን እኔና አልጎት እናውቃለን፣ እሱ አያውቅም። ያኔ ነው የታየኝ፣ በረዶው ከቀለጠ ጀምሮ አስራ ሁለታችሁንም እንደዚያ አድርጌ ነው የያዝኳችሁ።"

"አልጎት" አለችው፣ "እነግራቸዋለሁ። ቃሌን አፈርሳለሁ። ከጀርባህ አላደርገውም፣ ይኸው ፊት ለፊት ነገርኩህ።"

"እንግዲያው ከኤቫልድ በምን ትሻያለሽ?"

"አልሻልም። እብሳለሁ። ኤቫልድ ጥጃዋን አላያትም፤ እኔ ግን ዓይንህን እያወቅኩ ነው እዚህ ያስቀመጥኩህ።"

ሩነ ደረሰ። ላብ በላብ ሆኗል። "ምን ሆናችሁ? ሰው የሞተባችሁ ትመስላላችሁ።"

"ከመሞት ነው የተረፍነው" አለች ሲግብሪት፣ እዚያው ቆማ ነገረችው። መጀመሪያ ለሱ ነው የነገረችው።

በሬዲዮ ሁላችንንም ከማማ አወረደችን። እሳት ዳር ስንሰበሰብ ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ቋሊማ ይጠበሳል፤ ያን ቀን ማንም ከረጢቱን አልከፈተም። ሲግብሪት ቆማ ተናገረች። ደብዳቤውን፣ ቃሉን፣ ሰባተኛውን ማማ ለምን እንደመረጠች፣ ወተቱን፣ አፈሙዙን። አላሳጠረችውም፣ አላስረዘመችውም። አልጎት እግሩን ዘርግቶ ከጎኗ ተቀምጧል።

ኤቫልድ ነው መጀመሪያ የተናገረው። ሶስት ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው።

"ቃል ቃል ነው ያልሽው አንቺ አልነበርሽም እንዴ? የአየር ጠባይ ምናምን? ዮርዲስ፣ አልጻፍሽውም?"

"ጽፌዋለሁ" አለች ዮርዲስ ቀስ ብላ። እሷም አዳኝ ናት።

"እኔ ነኝ ያልኩት" አለች ሲግብሪት። "አሁንም እላለሁ። ግን ያን ቃል ስገባ የሰጠሁት የራሴ ያልሆነ ነገር ነው። የኔን ነገር ቃል ገብቼ ብሰጥ ልጠብቀው ይገባኛል፣ ቢጎዳኝም። የሩነን ጀርባ ግን ማን ሰጠኝ? ያንን ቃል ያፈረስኩት ዛሬ ነው፣ ስህተቱ ግን ዛሬ አይደለም። የገባሁ ቀን ነው።"

"በለው! ሁለቱንም ይዛ ልትቀር ነው" አለ ኤቫልድ። ግን ድምጹ እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

ሩነ እስከዚያ ድረስ የፒላን ጆሮ ያሻል ነበር። "ስንት እርምጃ ላይ ነበርኩ?" አለ።

"ሰማንያ።"

"ፒላስ?"

"እግርህ ስር።"

"ጥይት ፒላን ቢያገኛት ኖሮ ሁለታችሁንም አልምራችሁም ነበር" አለና ተነሳ። "ጥጃዋ እየራቀች ነው። እንነሳ።"

"ቆይ" አለ አልጎት። "እኔም እዚሁ ነኝ፣ እንደ ሙት ስለኔ አታውሩ።" ጠመንጃውን ከሲግብሪት ተቀበለና መዝጊያውን መዘዘው። ስልሳ ዓመት የለመደ እጅ ነው፣ ማየት አላስፈለገውም። ግንዱ ላይ አስቀመጠው። "እናቲቱን የገደልኩት እኔ ነኝ። ጥጃዋን አላየኋትም። ከእንግዲህ ማማ አልወጣም። እሷ ደግሞ ቃሏን አፍርሳለች። እሱንም ጻፉ።"

ሲግብሪት የአለቃውን ሬዲዮ ከአንገቷ አውልቃ ወደ ኤቫልድ ዘረጋችው። ኤቫልድ ሬዲዮውን አየው፣ አልነካውም።

"ጥጃዋ ሳትገኝ አለቃ አይቀየርም" አለ። "ያዢው። ምሪን።"

መራችን። ያን ቀን እንደመራችን መርታን አታውቅም። ሰዉን በሁለት ከፈለች፣ ነፋሱን አየች፣ ጥጃ ከእናቷ የተለየችበት ቦታ ትመለሳለች ብላ ኤቫልድን ሰባተኛው ማማ ላይ አስቀመጠችው፤ ጸሐይዋ አሁን ከጀርባ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ጥጃዋ መጣች። እናቷ የወደቀችበት ጋ ቆማ መሬቱን አሸተተች። ኤቫልድ አንድ ጊዜ ተኮሰ። ሲመለስ የሚቀልድ መስሎን ጠበቅነው፤ አልቀለደም። ቢላውን ይዞ ስራውን ጀመረ።

ክረምቱ ገባ። ሲግብሪት በየቀኑ የአልጎት ሳጥን ጋ ትቆማለች፣ ደብዳቤውን ትከታለች፣ አንድ ጊዜ ጥሩምባ ነፍታ ትሄዳለች። በሩ አይከፈትም። ደብዳቤውን የምታነብለት አሁን ዮርዲስ ናት። "ስለኔ ምን ይላል?" ብላ ዮርዲስን ጠየቀቻት። "ወረቀት ላይ የሚጻፍ አይደለም" አለቻት ዮርዲስ።

የማክሰኞው ስብስባችን ቀጠለ፣ መጽሐፉም ገና አላለቀም ነበር። አንድ ማክሰኞ ዮርዲስ አልጎትን በመኪናዋ ይዛው መጣች። ኮቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ።

"ቃል ቃል ነው ያለች ሴት እዚህ አለች አሉ።"

"አለች" አለች ሲግብሪት።

"የታለች? ጆሮዋን አሳዩኝ።" በድምጿ ሄዶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። "አምስት ወር አሰብኩበት። ሰው ዓይኑ ሲጠፋ ለማሰብ ጊዜ ይተርፈዋል። የነገርሻቸው ቀን ትክክል ነበርሽ። ያናደደኝ እሱ አይደለም። ያናደደኝ የበፊቱ ነው። በረዶው ሲቀልጥ 'አይ አልጎት፣ ይህንን ቃል አልገባልህም' ብትይኝ አንድ ሳምንት ስሰድብሽ እሰነብት ነበር፣ ከዚያ ይበርድልኝ ነበር። አንቺ ግን ደስ ይበለው ብለሽ ጠመንጃ አስያዝሽኝ። አሳዘንኩሽ። እኔ ያስተማርኩሽ ሰው እንጂ የምታዝኚለት ሰው ነበርኩ? ሩነን ብገድለው ኖሮ ገዳዩ እኔ ነበርኩ፣ አዛኟ ደግሞ አንቺ።"

ሲግብሪት "አዎ" አለች። በሰላሳ አንድ ዓመት አንድ ቃል ብቻ ተናግራ ስታቆም ያየናት ያኔ ነው።

ዮርዲስ አላስቻላትም። "ይኸውላችሁ፣ ግዴታ ማለት ይሄ ነው! መጀመሪያውኑ ሁሉም ሰው እንደዚያ አይነት ቃል ቢገባ..."

"ምን ግዴታ?" አለ ኤቫልድ። "ውጤት ነው እንጂ! የሩነ ነፍስ ውጤት አይደለም? በደንብ አልመዘነችም፣ አለቀ።"

"በደንብ ብትመዝንማ መደበቁ ያዋጣ ነበር፣ ራሷ ነግራሃለች!"

"አልጎት ያለው እኮ ስለ ጸባይ ነው" አለ ሩነ ከጥግ። ሩነ ያን ክረምት ነው የገባው፣ ከዚያ በፊት ማንበብ አይወድም ነበር። "አክብሪኝ ነው ያላት።"

"ሶስታችሁም ከላዬ ውረዱ" አለች ሲግብሪት። "እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ሰው እንዳይጎዳ ብዬ ዝም ካልኩ፣ ዝም ማለቴን ያ ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል ብዬ ልጠይቅ። ሩነ ቢሰማ ምን ይለኝ ነበር? እንኳን ደህና ዝም አልሽ ይለኝ ነበር? በዚያ ነው የማውቀው። መጽሐፉ ውስጥ የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ እናንተ ፈልጉት።"

ዮርዲስ መፈለግ ጀመረች። ኤቫልድ "ተይው፣ ዳቦው ይቀዘቅዛል" አለ።

የቡድኑ ዓመታዊ ስብሰባ ጸደይ ላይ ነው። አለቃ የሚመረጠው እጅ በማውጣት ነው። ሰዉ ሲግብሪት ትቀጥል ሊል ነበር። እሷን የሚተካከል እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፣ እውነቱን መናገሯን ደግሞ ሁሉም ወዶላታል። አልጎት ማማ ባይወጣም የምናድንበት ጫካ ውስጥ መሬት ስላለው ድምጽ አለው። ተነሳ።

"ሕጉ ለኤቫልድ አንድ ዓመት ነበር" አለ። "ለኔም አንድ ዓመት ነው፣ ለኔስ ዕድሜ ልክ ሆነ። ማማው ላይ ያስቀመጠኝ ሰው ማማ ላይ ቢቀመጥ ሕግ አይደለም። አንድ ዓመት ትውረድ፣ በእግሯ ታባርር። ከዚያ ምረጧት፣ እኔም እመርጣታለሁ።"

በርቲል፣ አብሮን የሚያድነው ያ ባለ ሁለት ቃል ባሏ፣ "ልክ ነው" አለ፤ ለሳምንቱ የነበረውን በዚያ ጨረሰ። እጇን መጀመሪያ ያወጣችው ሲግብሪት ራሷ ናት፣ ቀጥ አድርጋ። ከዚያ ሁላችንም አወጣን። ኤቫልድ አለቃ ሆነ።

የኤቫልድ የመጀመሪያ ትዕዛዝ ሲግብሪት ከሩነ ጋር ረግረጉን እንድታቋርጥ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ የእሳቱ ኃላፊ አልጎት እንዲሆን። "የሽማግሌው ጆሮ ቋሊማ ሲበስል ይሰማል" አለ።

በአዲሱ አደን የመጀመሪያ ቀን ዝናብ ነበር። ሲግብሪት ብርቱካናማ ቆቧን አድርጋ ከፒላ ኋላ ስትሮጥ ዋለች። ሁለት አጋዘን ወደ ማማዎቹ አወጣች፣ እሷ ግን አንዱንም አላየችውም፣ ተኩሱን ብቻ ነው የሰማችው። ከሰዓት በኋላ ከጫካው ብቻዋን ወጥታ ወደ እሳቱ መጣች። አልጎት ጎንበስ ብሎ ቋሊማውን በእንጨት እየገለበጠ ነበር። ግማሹ አርሯል።

"ማነው?" አለ ሳይዞር።

"ሲግብሪት ነኝ።"

"አረማመድሽ ከብዷል። ረጥበሻል?"

"እስከ ወገቤ።"

"ይበልሽ" አለ አልጎት። ትንሽ ቆየና ግንዱ ላይ ፈቀቅ አለላት። "ቁጭ በይ። ያላረረውን ከዳር በኩል ፈልጊ፣ እኔ እንደሆነ አላየውም።"